«ደጃፍ» መጽሔት የገደለችኝ ሰሞን

ማክሰኞ፣ መስከረም 20
ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደረጃውን ሳልደገፍ እወርዳለሁ። መኪና እነዳለሁ፤ ሀይዌይ ግን ትቻለሁ። ኮቴን ራሴ እተኩሳለሁ። ንባብ... ጣቴን ካላስከተልኩ አይሆንልኝም። ጽሕፈቱም ይኸው።

ዛሬ የማኅበራችን መጽሔት «ደጃፍ» በፖስታ መጣች። «ለአቶ አሥራት ከተማ» ይላል። ሃያ ዓመት ሞላት ብለው ታሪኳን ጽፈዋል። እዚሁ ክሊንተንቪል ሰፈር፣ በዚህ አሮጌ ቤት ቤዝመንት ነው የተጀመረችው። ስሜን ፈለግሁ። አገኘሁት። «በሞት የተለዩን መሥራቾች» ከሚለው ሥር። ሁለት ጊዜ በጣቴ ሄድኩበት... እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 21
ጓደኛዬ ምንያህል ደወለ። መጽሔቷን አብረን ነው የመሠረትናት። እስኪበቃው ሳቀ። «ነፍስህን ይማረው። ለመሆኑ እዚያ ፓርኪንግ አለ?» ዘጋሁበት።

መልሶ ደውሎ ነገሩን አስረዳኝ። ዕድሩ የሚመዘግበው በአባወራ ስም ነው። የዛሬ አራት ዓመት ባለቤቴ የምሥራች ስትሞት መዝገቡ ላይ «ሐዘን፦ አሥራት ከተማ» ተባለ። ታሪኩን የጻፈችው አዲስ ልጅ ያንን አይታ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ሄጄ አላውቅ። የሞተችው ሚስቴ፣ የተቀበርኩት እኔ።

አስተካክሉ ብዬ ኮል አላደርግም። ማን ለቅሶ እንደሚመጣ አያለሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 23
ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24
ታሪኩን የጻፈችው ልጅ መጣች። ሰምሀል ትባላለች። ምንያህል ነግሯት ከዌርሃውስ ሽፍቷ በቀጥታ፤ የሥራ ቬስቷን እንኳ አላወለቀችም። በረንዳው ላይ ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ትቁም አልኩ በሆዴ።

«ጋሼ፣ መጽሔቷ ላይ የወጣውን ዓምድዎን ሁሉ አንብቤዋለሁ» አለች። «ጎረቤትዎ አካፋ ተውሶ የእናንተንም በረዶ ጠርጎ የመለሰበትን... ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ሩም ውስጥ ነው ያለቀስኩት።»

አስቀመጥኳት። የፊታችን ቅዳሜ በመጽሔቷ የሃያ ዓመት በዓል ላይ ያንኑ እንዳነብላቸው ለመነችኝ። አዲስም አንድ እንድጽፍ። እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

እሑድ፣ መስከረም 25
ለሰው ያልተናገርኩት... ዓምዱን የጻፈችው የምሥራች ናት። መጀመሪያ እኔ ሳወራ ትጽፍ ነበር። በኋላ እኔ እተኛለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ጠዋት ስታነብልኝ «ልክ እንዳልኩት ነው» እላለሁ። ስሜ ከላይ ይወጣል።

አንድ ቀን «የኔን ስም ብናደርግስ?» አለች። «አንቺን ማን ያውቅሻል?» አልኳት። ሳቀች። ሳቀች ወይስ... ዝም አለች። ዝም ነው ያለችው።

የኔ ሥራ ገጾቹን ስቴፕል መምታት ነበር። አንድ ገጽ ተገልብጦብኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ መስከረም 29
አዲሱን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ከጠዋት እስከ ምሳ «ውድ አንባብያን» የሚል ወጣኝ። ከዚያስ?

እሑድ፣ ጥቅምት 2
በዓሉ ትናንት ከከተማው ማዶ፣ ሂሊያርድ ነበር። ሀይዌዩን ሽሽት በከተማው ዞሬ አንድ ሰዓት ነዳሁ። ሰምሀል መድረክ ላይ «ጋሼ አሥራት በሕይወት አሉ» ስትል ተጨበጨበ። ስለኖርኩ ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

የአካፋውን ጽሑፍ ያዝኩ። አንድ መስመር ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ቆምኩ። ከፊት ያለ ሰውዬ መነጽሩን አቀበለኝ።

«የመነጽር አይደለም» አልኩ። «ይህን የጻፈችው ሚስቴ ናት። ሁሉንም። ጸሐፊው ሞቷል ያላችሁት ልክ ነው፤ የሳታችሁት ስሙን ነው። እኔ ስቴፕል መቺው ነኝ።»

ከኋላ የምንያህል ድምፅ መጣ፦ «እኛ የድሮዎቹ እናውቃለን። ቁጭ በል።»

ያውቁ ነበር! ሃያ ዓመት ሙሉ።

ሰምሀል ወረቀቱን ተቀበለችኝ። «የእትዬ የምሥራችን እኔ ላንብበው» አለች። አነበበችው።

ያለብኝን ራሴ እከፍላለሁ፤ ማንም እንዳያግዘኝ። ለሰውዬው መነጽሩን፤ ኪሴ ውስጥ ይዤው መጥቻለሁ። ለምንያህል የዘጋሁበትን ስልክ። ለሰምሀል በረንዳ ላይ ያቆምኳትን። ለየምሥራች... ቤዝመንት ያሉት የመጽሔቷ ቅጂዎች ሁሉ ላይ ስሜን ሰርዤ ስሟን በእጄ መጻፍ። ዛሬ አሥራ አንድ ጨረስኩ። ስሟ ከኔ በአንድ ፊደል ይበልጣል። የኔ የነበረበት ቦታ አይበቃትም።