እናትህን የቀረጽንበት ማለዳ

ኮልፌ፣ ታኅሣሥ 1975 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? የእግርህ ቁስልስ ዳነልህ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ከራሴ ጋር ግን ተጣልቻለሁ። ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ አጣሁ። ይሄኛውን አንብብና ስደበኝ፤ ስድብህም ናፍቆኛል።

የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ሜካፕ እንደምሠራ ነግሬህ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥራው ያስቀኝ ነበር። ዝናቡ በትሪ ላይ የሚንቀጠቀጥ ምስር ነው። ደሙ በስኳር የተበጠበጠ የቡና አተላ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ማን ይለየዋል? እንባው ደግሞ ሽንኩርት። ዋናዋ ተዋናይት ፀዳለ ግን ሽንኩርት ሲቀርብላት ታስነጥሳለች እንጂ አታለቅስም። አዘጋጁ ጋሽ ጥሩነህ ተናደደና የእውነት ለቅሶ ካላገኘሁ አልቀርጽም አለ። ልጇ የዘመተባት እናት ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበረበት! የእናትህን ስም ጠራሁለት። ምን ሊያደርግ እንዳሰበ አልገባኝም ነበር ብልህ ውሸቴን ነው።

መርዶ ጎህ ሳይቀድ እንደሚነገር ታውቃለህ። ካሜራው ብርሃን ስለሚፈልግ ግን ጋሽ ጥሩነህ ፀሐይ እስክትወጣ አስጠበቀን። መርዶውን የሚነግሩት ሦስቱ ሽማግሌዎች የኛው ተዋንያን ናቸው፤ ሽበታቸውን በዱቄት የቀባሁት እኔ ነኝ። ካሜራው ከአጥሩ ጀርባ ተደብቋል። እናትህ በሰዓቱ መርፈድ እንኳ አልጠረጠሩም፤ በራቸውን ያንኳኳሁት እኔ ነበርኩና።

የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ እሪ አሉ። ደረታቸውን ደቁ፣ ቀሚሳቸውን ቀደዱ፣ ስምህን እየጠሩ አፈር ላይ ተንከባለሉ። በዚህ መሃል የብር ወረቀት የተለጠፈበትን የብርሃን ማንጸባረቂያ ጣውላ የያዘው ሰው እጁ ዛለና ጣለው። ጋሽ ጥሩነህ ምን ቢል ጥሩ ነው? ብርሃኑ ተበላሽቷል፣ እንደገና ትበል አለ። እንደገና!

ድራማ መሆኑን ስንነግራቸው ይረግሙናል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ልጄ አለ ማለት ነው እያሉ ተንበርክከው የጋሽ ጥሩነህን ጫማ ሳሙ። ያንንም ቀረጸው፤ ቆሻሻ! ቅዳሜ ሲተላለፍ እናትህ የሚታዩት ከጀርባ ብቻ ነው፤ ፊቱ የፀዳለ ነው። አገር ምድሩ አለቃቀሷን አደነቀላት። እኔ ሥራውን ትቻለሁ፤ ዱቄቱን የቀባሁበትን እጄን ግን እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ የእውነት ሽማግሌዎች፣ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር፣ እናትህ በር ላይ መጡ። እናትህ ሻሻቸውን አስተካክለው በአጥሩ አሻግረው እያዩ ሳቁ። ካሜራውን ዛሬ የት ደበቃችሁት፣ ደግሞስ በዚህ ጨለማ እንዴት ልታነሱኝ ነው አሏቸው። ሰዎቹ ቢምሉ ቢገዘቱ ወይ ፍንክች። ቁርስ አብልተው፣ መርቀው ሸኟቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውንም ሁሉ እየሳቁ ይመልሳሉ።

ጎረቤቱ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ሂጂና አሳምኛቸው እያለ አላስቀምጥ አለኝ። ትናንት ሄድኩ። አገላብጠው ሳሙኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አፌ ግን እሺ አላለኝም። ቤቴ ተመልሼ ብዕር አነሳሁ።

እባክህ በገዛ እጅህ አንድ መስመር ጻፍ። አንድ ብቻ። ለኔ ይቅርብኝ፣ ለሳቸው ጻፍላቸው።

ትናንት ከቤታቸው ስወጣ እናትህ መልእክት ሰጥተውኛል። ስትጽፊለት ሁለተኛ ጊዜ እንዳልተታለልኩ ንገሪልኝ፣ እናቴ ጎበዝ ናት ብሎ ይኩራብኝ ብለዋል። ይኸው ነግሬሃለሁ።

የቀራንዮው መድኃኔ ዓለም ባለህበት ይጠብቅህ። አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

አብሮ አደግህ