ዳኛ ሳያስወጣቸው የወጡት፦ የአቶ መንሱር ጉላምሁሴን የሕይወት ታሪክ

አቶ መንሱር ጉላምሁሴንን ከሜዳ ያስወጣ ዳኛ በሕንድም በአሜሪካም አልተወለደም። ልደታቸው ሳይነገር ይህ ይነገር። ሰው መጀመሪያ የሰማውን ስለሚይዝ፣ የምንኖርባት ክላርክስተን ደግሞ ስለ አባታችን ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስትሰማ ስለከረመች ነው።

አባታችን አቶ መንሱር በ1952 በአዲስ አበባ ከተማ መርካቶ ተወለዱ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የሚቀንስ ሰው ለራሱ ይቀንስ። አባታቸው አቶ ጉላምሁሴን ዳውጂ ከሱራት ከተማ የመጡ ሕንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዓሊያ ይመር የደሴ ልጅ ነበሩ። አባታችን አማርኛን ከእናታቸው፣ ጉጅራትኛን ከአባታቸው ጠጥተው ቢያድጉም ሰፈሩ ስማቸውን ለመጥራት ሰንፎ «ሕንዱ» ሲላቸው ኖረ።

ትምህርታቸውን በሕንድ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ተከታትለው አጠናቀዋል። ትልቁን ትምህርት ግን የተማሩት እሑድ እሑድ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ነው። አያታችን ከጣውላ መምቻ ጠርበው፣ ሦስት ችካል ተክለው ልጃቸውን ክሪኬት ያስተምሩ ነበር። ለማያውቅ ለቀስተኛ ባጭሩ፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ችካሉን እየጠበቀ በመምቻው ይመታል። ኳሷ የመምቻውን ጠርዝ ጫር እንኳ አድርጋ መሬት ሳትነካ ከኋላ ያለው ሰው ከቀለባት፣ መቺው ይወጣል። ጫር ማለቷን አንዳንዴ ዳኛው አያይም፤ መቺው ግን እጁ ይነግረዋል። አያታችን በዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። «ከነካሃት ውጣ። ዳኛ አትጠብቅ» ይሉ ነበር። ይህ ሕግ አባታችንን ምን እንዳስከፈላቸው ከዚህ በታች ይነበባል። አያታችን በሕይወት ቢኖሩ የልጅ ልጃቸው ሩሚሳ የምትጠይቃቸው ጥያቄ ነበራት።

በ1975 የጨርቅ ሱቁ ተወረሰና ቤተሰቡ ወደ ሱራት ሄደ። እዚያ ደግሞ አባታችን «ሐበሻው» ተባሉ። የሱራት ሰው ቢያንስ ሲጫወቱ አይቷቸው ነው ያለው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጸሐፊነት ቀጠራቸው፤ የዚያ አገር ፋብሪካ ቡድን ስላለው ጎበዝ ተጫዋች ሲያይ ወንበር ይሰጠዋል እንጂ ጽሕፈት ይችል እንደሆነ አይጠይቅም። አባታችንም ወረቀቱን ለሌላው ትተው ከ1976 እስከ 1984 ለፋብሪካው፣ ቀጥሎም ለግዛቱ ቡድን ተጫወቱ። ሁለገብ ነበሩ። መወርወርም መምታትም የሚያውቅ ሁለገብ ይባላል፤ እንዲህ ያለ ሰው በየቡድኑ ሲፈለግ የሚኖር ነው። ውርወራቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ኳሷ መሬት ስትነካ ግን እንደተቆጣች ሴት ዞር ትላለች።

በ1981 ለብሔራዊው ቡድን ሰው የሚመርጡ ሽማግሌዎች ሊያዩዋቸው መጥተው ድንኳን ሥር ሻይ ይጠጡ ነበር። አባታችን ከጠዋት ጀምረው ሲመቱ ውለው ሽማግሌዎቹ ሻዩን ረስተዋል። ከዚያ አንዲት ኳስ ጠርዙን ጫር አደረገችና ተቀለበች። ዳኛው አላየም፤ ራሱን ነቀነቀ፣ ቁም ማለቱ ነው። አባታችን መምቻቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ራሱን ለማስወጣት የሚቸኩል ሰው ለእኛ ምን ይሠራልናል?» አለ። በቃ፣ ዳግም አልጠሯቸውም። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። ልጆቻቸው ግን ስቀን አናውቅም።

በ1985 እናታቸው ሲታመሙ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ እናታቸውን አስታመው ቀብረው በተማሩበት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኑ። በ1986 የኮምቦልቻዋን ወይዘሮ ነዚፋ ሰዒድን አገቡ። እናታችን ጨዋታውን መጀመሪያ ያየች ቀን «ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ችካል ይጠብቃል? ላም የለህም?» ብላ ነበር። ትዳራቸው ግን የሰመረ ነበር፤ በ1987 ጀዕፈርን፣ በ1990 ሩሚሳን አፍርተዋል።

በ1997 እናታችን ዲቪ ደርሷት ቤተሰቡ ወደ አትላንታ መጥቶ ክላርክስተን አፓርታማ ገባ። አባታችን ዱሉዝ ውስጥ የአንድ ሕንዳዊ ባለሀብት መጋዘን ተቀጠሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስኮትዴል ውስጥ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ባቋቋሙት የክሪኬት ክለብ ይጫወቱ ጀመር። የክለቡ ካፒቴን ቪኖድ ይባላል። አንቱ ያልተባለው ተረስቶ አይደለም። እናታችን በየሳምንቱ ለክለቡ ሳምቡሳ ትልክ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚበላው እሱ ነበር፣ ያውም ቆሞ።

ኦገስት 2003 ክለቡ ለዋንጫ ደረሰ። ተጋጣሚው የዱሉዙ ቡድን፣ የቡድኑ ባለቤት ደግሞ የአባታችን አለቃ፣ የመጋዘኑ ጌታ ነበሩ። በዚህ ሊግ ደመወዝተኛ ዳኛ የለም፤ በሚመታው ቡድን በኩል ቀድሞ የወጣ ሰው ነጭ ኮት ለብሶ ይዳኛል። ያን ቀን ቀድሞ የወጣው ቪኖድ ነበርና ኮቱን ለበሰ። አባታችን የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ሆነው ልጆቹ ያቃታቸውን እየመቱ ዋንጫውን አፋፍ ላይ አደረሱት። ከዚያ አንዲት ኳስ ጫር አደረገችና ተቀለበች።

የዱሉዝ ልጆች ጮኹ። ቪኖድ ራሱን ነቀነቀ፤ በሹክሹክታም «ቁም፣ መንሱር ብሃይ፣ አትንቀሳቀስ!» አላቸው፤ ብሃይ ወንድም ማለት ነው። አባታችን መምቻቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። ከእሳቸው በኋላ የገቡት እንደ ቅጠል ረገፉ፣ ዋንጫውም ወደ ዱሉዝ ሄደ።

ፓርኪንጉ ላይ ቪኖድ ሰው ሁሉ እየሰማ «ኳሷ አልነካችህም! ለአለቃህ ብለህ ነው የወጣኸው! እንጀራህን አሰብክ፣ እኛን ሸጥከን!» ብሎ ጮኸባቸው። አባታችን የመለሱት «ነክታኛለች» ብለው ብቻ ነው። የቫኑን በር ከፍተው መምቻቸውን አስገቡ። ክለቡም በሳምንቱ ስማቸውን ሰረዘ።

እዚህ ላይ ምስክር ያስፈልጋልና ምስክር አለ። ሩሚሳ በቦታው ነበረች። ኳሷ ጠርዙን ስትነካ በዓይኗ በብረቱ አይታለች፣ በጆሮዋም ሰምታለች፤ ድምፁ ጠቅ ነው ያለው። እናቷ በከንቱ አትማይ ባትላት ትምል ነበር።

ወሬው ስኮትዴል ላይ አልቀረም። ጎረቤታችን አቶ ሰብሐት ታክሲያቸውን ነዳጅ በሚሞሉበት ሁሉ «ሕንዱ ጨዋታ ሸጠ» እያሉ ክላርክስተንን አዳረሱ። አንድ ቀን ሩሚሳ ደረጃው ሥር አግኝታቸው «ጋሼ ሰብሐት፣ ክሪኬት በአንድ ወገን ስንት ሰው ነው የሚጫወተው?» አለቻቸው።

«ምን አውቄ! የሕንድ ነገር።»

«ታዲያ መሸጡን በምን አወቁት?»

እናታችን ከኋላ መጥታ ክንዷን ቆነጠጠችና «ምላስሽን ሰብስቢ! ይቅርታ ጋሼ፣ ልጅ ናት» አለች። ይቅርታ የተጠየቁት እሳቸው ናቸው። አባታችንን እስከ ዛሬ ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም። አቶ ሰብሐት ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ካሉ፣ በአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰው ነው።

ለአለቃው ብሎ ወጣ የተባለው ሰው ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ ሌይኦፍ ተደረጉ፣ ከሥራ ተቀነሱ ማለት ነው። ታዲያ ያ ውለታ የት ገባ? ይህን ከቪኖድም ሆነ ከአቶ ሰብሐት የጠየቀ ሰው የለም። አባታችን ታክሲ መንዳት ጀመሩ፤ ሲያመሻሹም ፓርኪንጉ ላይ ለሩሚሳ ኳስ እንዴት እንደምትዞር ያሳዩዋት ነበር። መምቻው እጇ ላይ ሲሆን ያው የአያታችን ሕግ ነው፦ «ከነካሻት ውጪ።»

በ2005 ኩላሊታቸው ደከመ። ዲያሊሲስ የሚሄዱት በአውቶቡስ ነበር፤ ጀዕፈር ሥራ፣ እናታችን ሥራ። ከስኮትዴል እስከ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያ ክለብ ግን ስድስት ዓመት ሳምቡሳ ከበሉት አንድም ሰው ብቅ ብሎ እንዴት ዋሉ አላለም። ሕንዶቹ ሐበሻ ነው፣ ሐበሾቹ ይጠይቁት አሉ። ሐበሾቹም ሕንድ ነው፣ ወገኖቹ አሉለት አሉ። ታማሚው በመሃል የግድግዳውን ሰዓት ሲያዩ ዋሉ። ስለዚህ ቪኖድ ዛሬ ከመጣ መቆም ይችላል፤ ኳሷ መንካቷን በሰው ፊት ሳይናገር ግን የአባታችንን ቃሬዛ እንዳይነካ።

አቶ መንሱር በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው በረመዳን ወር፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2006 በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ወደማይቀርበት ሄደዋል። የባለቤታቸው የወይዘሮ ነዚፋ፣ የልጆቻቸው የጀዕፈርና የሩሚሳ አባወራና አባት ነበሩ፤ ሱራት ያሉ እህታቸውም በስልክ እያለቀሱ ነው። ሁሉን የሚያይ ዳኛ አላህ በእዝነቱ ይቀበላቸው፣ ቀብራቸውን ሰፊና ብርሃን ያድርግላቸው፣ ጀነትን ይወፍቃቸው። አሚን።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እንዲታተም ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። አባታችን መሄጃቸው መቅረቡን ሲያውቁ ሩሚሳን «ታሪኬን እኔ እያለሁ ጻፊው፤ ከሞትኩ በኋላ ትዋሺያለሽ» ብለዋት ነበር። ከሕልፈታቸው በቀር ከላይ ያለው ሁሉ አልጋቸው አጠገብ ተነቦላቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ዳኛማ ስንቴ አስወጥቶኛል! ቪኖድም ከመጣ ይሸከም፤ እኔ ከባድ ነኝ፣ የሱ ትከሻ ሰፊ ነው። የኳሷን ነገር ግን አንቺ በየት በኩል አየሽው? አይስክሬም መኪናው ጋ ጀርባሽን ሰጥተሽ ተሰልፈሽ አልነበር? የነካኋት እኔ ነኝ። ምስክር አልጠራሁም።»