የጥድ ቅርንጫፎቹን ላስነቀሉት ጄኔራል

ለክቡር ሌተና ጄኔራል ቶርስቲ ራውቲያይነን፤
ሄልሲንኪ።

የሰላም አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ዕድሜዎንም ቢያንስ እስከሚጠየቁበት ቀን ድረስ ያርዝምልን። የፊታችን ሐሙስ የአገሪቱ ጸጥታ ከፍተኛ አማካሪ ሆነው እንደሚሾሙ ሰምቼ፣ እኔ የሐይቅ ዳር አጥቢያ ጡረተኛ ቄስ ደስታዬን በአደባባይ ልገልጽልዎ ወደድሁ።

፩ኛ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠላት የማይገምተውን መንገድ ሲያስተምሩ ስለኖሩ እናመሰግናለን። ባለፈው የካቲት የጦር ልምምድ ግን መንገዱን ከራስዎ ወታደሮች ጭምር ሰወሩት።

፪ኛ፤ በብርድ ወራት ረግቶ መንገድ በሚሆነው ሐይቃችን፣ ውሃው ከሥር በሚሮጥበት ጠባብ ስፍራ፣ በረዶው ከላይ ድንጋይ መስሎ ከታች ይሳሳል። ስለዚህ አባቶቻችን በየክረምቱ ደኅናውን መሻገሪያ የጥድ ቅርንጫፍ እየተከሉ ሲያመለክቱ ኖረዋል። እርስዎ ግን ጠላት ያነበዋል ብለው እንዲነቀል አዘዙ። እንዲነቅል የታዘዘው ዓሣ አጥማጁ አርቱሪ፣ «ጌታዬ፣ ይሄን ከነቀልን እኮ ውሃ የሚገቡት የራሳችን ልጆች ናቸው!» ቢልዎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዓሣዎን ያጥምዱ፤ ስልቱን ለኛ ይተዉት» ብለው ሳቁበት። እርሱም፣ «እኔስ አጠምዳለሁ፤ እርስዎ ብቻ ሰው እንዳያሰጥሙ» አለዎ። ይህንንም ትንቢት ሳይሆን ቀልድ አድርገው ስለወሰዱት ትዕግሥትዎ ያስደንቃል።

፫ኛ፤ ቅርንጫፎቹ መነቀላቸውን ለጦሩ የነገረ አልነበረም። በማግስቱ ልጄ ሃምሳ አለቃ ታይስቶ አራት ወታደሮች አስከትሎ በዚያው ጠባብ ስፍራ ሊሻገር ሄደ፤ በረዶውም ከዳቸው። አራቱን አንድ በአንድ ገፍቶ አወጣ። እርሱን ግን በሦስተኛው ቀን እኛ በመንጠቆ አወጣነው።

፬ኛ፤ በፊርማዎ የጸደቀው የምርመራ መዝገብ «ሃምሳ አለቃው በራሱ ቸልተኝነት መንገድ ስቶ» ይላል። ሙት እንደማይከራከር ማወቅ የታላቅ ስልት ዐዋቂ ብልኃት ነው። ሆኖም ይህ ሙት አባት አለው።

ትእዛዝዎ በጽሑፍ ነበር፤ አርቱሪም የመንግሥት ወረቀት የማይጥል ሰው ነው። ትናንት ፊርማዎ ያረፈበትን ዋናውን ለፓርላማው የመከላከያ ኮሚቴ በእጄ አስረክቤአለሁ። የተረፉት አራቱ ወታደሮችም ረቡዕ፣ ማለትም በሹመትዎ ዋዜማ፣ በመሐላ ቃላቸውን ይሰጣሉ። የምሻው የልጄ ስም ከዚያ መዝገብ ተፍቆ በስፍራው የእርስዎ እንዲጻፍ ብቻ ነው። ይህ በቀል ከሆነ፣ ፈራጁ አምላኬ እኔንም ይጠይቀኝ፤ መልሴን አዘጋጅቻለሁ።

የማዕረግዎ አክባሪ፣ ጸሎቱን ያላቋረጠ፣ እንቅልፉን ግን ያቋረጡበት አገልጋይዎ፣

ቄስ ኦርቮ ሃኩሊነን

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት በላኩልኝ መልእክት ነገሩን «በክርስቲያናዊ ይቅርታ» በዝምታ እንዳልፈው ጠይቀውኛል። ይቅርታው ቤቴ ተቀምጦልዎታል፤ መጥተው ጥፋትዎን ሲናገሩ ይወስዱታል። ዝምታ ግን የለኝም።