ለናስር የገጠምኩት ማሰሪያ

አባዬ የኔ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬ እንቢ አለኝ፤ እኛ ግን እንዳለን አለን። ይህን የምጽፍልህ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር፣ ሱቅህ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ የመቁረጫ ጠረጴዛህ ላይ ተደፍቼ ነው። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ሥራ የለም። ጽሑፌ ቢጎረብጥህ አትቆጣ። ድሮም ጽሑፍሽ የዶሮ ጭረት ነው እያልክ ታሾፍብኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ትልቁ የስፌት መኪናህ ለእኔ እስኪታዘዝ ድረስ ያላሳየኝ አበሳ የለም፤ አሁን ግን ተግባብተናል። ከባልባላ የሚመጡት የሚኒባስ ሾፌሮች መጀመሪያ ሰሞን ሴት ልጅ ደግሞ የመኪና ወንበር ትሰፋለች እንዴ እያሉ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ዛሬ "የአሕመድ ልጅ" ብለው ቁልፉን ወርውረውልኝ ይሄዳሉ። የአሸዋው ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሰፋሁትን ሁሉ እንዳንተ በሸራ እሸፍናለሁ። ጥግ ላይ ያለችው ያንተ ወንበር እንዳለች ናት፤ ማንም አይቀመጥባትም። የአዲሱ ባቡር ሐዲድ አልቋል፣ ሰው ሊጭን ነው ይላሉ። እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ያኔ ቢኖር ኖሮ ድሬዳዋ ሄደህ የምትመለሰው በባቡር ነበራ።

የአደጋውን ቀን ነገር የሚኒባሱ ሾፌር ነግሮናል። ከድሬዳዋ ስትመለስ የተቀመጥከው ከፊት፣ ቀበቶ ያለው ወንበር ላይ ነበር። አሊ ሳቢህ ላይ አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ስትሳፈር ተነስተህ ለቀቅህላትና ከኋላ፣ ቀበቶ ወደሌለው ተጣጣፊ ወንበር ሄድክ። እሷ ከነልጇ ተርፋለች። ለቅሶ መጥታ እማዬን አቅፋ ስታነባ አይቻታለሁ። ሥራህ ደግ ነበር፤ እኔ ግን አንዳንድ ቀን እቆጣሃለሁ። የሰው ቀበቶ ስትጠግን ኖረህ ያለ ቀበቶ መሄድህን አስቤ በጣም እቆጣሃለሁ።

አሁን ወደ ናስር ልምጣ፤ የዛሬው ጉዳይ የእሱ ነው።

ልጅህ ወደብ ላይ ሥራ ከያዘ ወዲህ ደህና ሰው ሆኗል ብለን ነበር። ከዚያ ወደ ሀገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንሳዊ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቶ መጣ። ሳምንቱን ሥራ ይሄድባታል፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ግራንድ ባራ ወርዶ ሊሽቀዳደምባት ነው። ደረቁ ሜዳ ላይ በአሮጌ ጎማ ምልክት አድርገው ዙሪያ መንገድ አበጅተዋል። አንተን ካጣንበት መንገድ ዳር መሆኑ ነው፣ አባዬ። እማዬ መኪናዋን ስታይ ገብታ ተኛች።

ናስር የእሽቅድምድም ማሰሪያ ግጠሚልኝ ብሎ ለመነኝ። ፈረንሳዮቹ አርኔ የሚሉት ባለ ስድስት ጠፍር ነው፤ ሁለቱ ከትከሻ፣ ሁለቱ ከዳሌ፣ ሁለቱ በእግር መሀል መጥተው ሆድ ላይ አንድ ክብ ዘለበት ውስጥ ይገባሉ። ዘለበቱን ስታዞረው ሁሉም ባንዴ ይለቃሉ። አልገጥምልህም ብዬ ስንት ጊዜ አባረርኩት። በኋላ ግን ሳየው ያለ ማሰሪያም ቢሆን መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ እያለቀስኩም ቢሆን በደንብ ልሥራው አልኩ።

እሱ የትከሻዎቹን ወለሉ ላይ አስረን እንገላገል ባይ ነበር። እንደዚያ ብናደርግ መኪናዋ ስትጋጭ ማሰሪያው ትከሻውን ቁልቁል ጎትቶ አከርካሪውን ይጨፈልቀዋል። በያጁን ጓደኛህን ዋርሳሜን ጠራሁት። ከወንበሩ ኋላ በትከሻ ቁመት የትከሻዎቹን የማስርበት ወፍራም ቱቦ አጋደመልኝ፤ ብትገለበጥ ጣራዋ እንዳይደፈጠጥም ከላይ በብረት ቱቦ ደገፈው። ለዳሌና ለእግር መሀሎቹ ወለሉን በስተን፣ ከስር ወፍራም ብረት ደግፈን በቡሎን አጠበቅን። የዳሌው ሆዱ ላይ እንዳይወጣ፣ አጥንቱ ላይ ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ደጋግሜ አስተካከልኩት። ዋርሳሜ እንደ ልማዱ ሙቀቱን በሶማሊኛ ይረግማል፣ በፈረንሳይኛ ያማርራል፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ "አይዞሽ ልጄ" ይለኛል።

የመኪናዋን የቀድሞ ቀበቶ ግን አላነሳሁትም። በዚህ ላይ ተጣላን። ናስር ሄሮን ሰፈር ባሕሩ ዳር ሲነዳ ሰው እንዲያየው አርኔውን ታጥቆ መንሸራሸር አማረው። እንደዚያ ተጠፍሮ የታሰረ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ማየት አይችልም። አደጋ ቢደርስበት ደግሞ ሊያወጣው የሚሮጠው መንገደኛ የዘለበቱን አከፋፈት ከየት ያውቃል? ከተማ ውስጥ በአሮጌው ቀበቶ፣ ሜዳው ላይ በአርኔው ብዬ በአንተ ስም አስማልኩት። ጥርሱን ነክሶ ማለ።

መጀመሪያ ሊሄድ የነበረበት ዓርብ ማለዳ ጓደኞቹ ደጅ ላይ ጥሩምባ እየነፉ ነበር። እኔ ያንተን ልማድ አልተውኩም። ከዚህ ሱቅ የሚወጣ ወንበር፣ የሚኒባስም ሆነ የኤምባሲ መኪና፣ አንተ ሳትቀመጥበት አይወጣም ነበር። ትደገፍና ዓይንህን ጨፍነህ ስፌቱን በመዳፍህ ትዳብሰዋለህ። እኔም ተቀምጬ፣ ታጥቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ማሰሪያውን ከላይ ወደ ታች ዳበስኩ። በግራ ትከሻ በኩል፣ ልብ አጠገብ፣ እጄ አንድ ነገር ነካ።

ክታብ ነበረች። ናስር ሕፃን ሳለ አንገቱ ላይ የነበረችው፣ በቆዳ የተለበጠችው። እማዬ ማታ ሳላያት ወጥታ በጆንያ መርፌ፣ በድርብ ክር፣ አጥብቃ ማሰሪያው ላይ ሰፍታታለች።

አንተ ብትሆን ምን እንደተሰማኝ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። ማሰሪያው ሰው የሚይዘው ክሮቹ ሳይበጠሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄዱ ነው። ያ ወፍራም መርፌ በገባ በወጣ ቁጥር በጥሷቸዋል። በዚያ ሁሉ ቡሎንና ብየዳ ያሰርኩለት የትከሻ ጠፍር፣ ልክ ልቡ ላይ ሳስቷል። ይህን ያደረገችው ደግሞ ልጇን ለመጠበቅ ነው።

ናስርን ስነግረው ቀዳዳ እኮ ነው፣ አታካብጂው አለ። ጥሩምባው ይጮሃል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች። "አባታችሁ ያን ቀን ክታቡን ቤት ረስቶ ነው የሄደው" አለችኝ፣ በቀስታ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ኖራለች። ምን ልበላት? ስፌትሽ ልጅሽን ይገድለዋል ይባላል?

ክሩን አንድ በአንድ ፈትቼ ክታቧን ምንም ሳትሆን እማዬ መዳፍ ላይ አኖርኳት። ከዚያ ትልቁን መቀስህን አነሳሁና ማሰሪያውን ለሁለት ቆረጥኩት። ካልቆረጥኩት ናስር ታጥቆት እንደሚሄድ አውቄያለሁ። ቁልፉን መሬት ላይ ወርውሮ በእግሩ ወጣ። እማዬ ክታቧን ጨብጣ ገባች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር አልነግርህም። አንድ ትሪ ላይ እንበላለን፣ አንነጋገርም።

አዲሱ ማሰሪያ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን። የመጣ ቀን ልገጥመው ስቀመጥ እማዬ ሳልጠራት መጣች። ለምን እንደቆረጥሽው ንገሪኝ አለችኝ። ከተቆረጠው ቁራጭ ላይ የመርፌዋን ቀዳዳዎች ወደ ብርሃን ይዤ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው። ቀጥላ ምን እንዳለች ታውቃለህ? "ታዲያ ክታቧ የት ትቀመጥ?"

የራስ መደገፊያውን ልባስ ፈታሁላትና ራሷ ከውስጥ አስገብታ ሰፋቻት። ቆዳው ላይ ነውና ማንንም አይጎዳም። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከእኔ በፊት። እሰሪኝ አለችኝ። በሽርጧ ላይ አጠበቅኩላት። ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፤ ልክ እንዳንተ። ከዚያ ዘለበቱ እንዴት እንደሚከፈት አሳዪኝ አለች። አሳየኋት። ደግማ ደጋግማ አዞረችው፤ በቀኝ እጇ፣ በግራ እጇ፣ ሳታይ ጭምር። እኔ በጎን የሌለ ቡሎን አጠብቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግራንድ ባራ ወረድን። እማዬ ያንን መንገድ ካንተ በኋላ ረግጣው አታውቅም። በዋርሳሜ መኪና ከኋላ ተቀምጣ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ አደጋው የደረሰበት ቦታ ስንደርስ ዓይኗን አልጨፈነችም። ናስርን እኔ አሰርኩት። እየሳቀ ትንፋሽ አሳጠርሽኝ አለኝ። ይሻልሃል አልኩት።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። በመጨረሻው ዙር፣ መታጠፊያው ላይ፣ የቀኝ ጎማዋ የላላ መሬት ገባና ተገለበጠች። አባዬ፣ እኔ ያየሁት ቀዩን፣ ከዚያ የመኪናዋን ሆድ፣ ከዚያ አቧራውን ብቻ ነው። ድምፅ እንኳን ቆይቶ ነው የደረሰን። እማዬ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ቀደመችኝ።

መኪናዋ በጎኗ ተጋድማለች። ናስር በማሰሪያው ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ አይናገርም። ቤንዚን ይሸታል። ዘለበቱን ዝም ብለህ ብትከፍተው በአንገቱ ይወድቃል። እኔ በተሰበረው የፊት መስታወት ገብቼ ከስር ትከሻዬን ሰጠሁትና እማዬ አሁን አልኳት። እጇን አስገባች። ሳታይ አዞረችው። ሁሉም ባንዴ ለቀቁ፤ የወንድሜ ክብደት ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። እንደዚያ ከብዶ የተሰማኝ ደስታ የለም።

የቀኝ እጁ አንጓ አብጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሐኪም አየው፣ አሰረው፣ ሂድ ተኛ አለው። ሸሚዙን ሲያወልቅ ሁለቱ ትከሻው ላይ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ በልዞ ነበር። እማዬ በጣቷ መስመሩን ተከትላ ወረደችና ግራው ላይ፣ ያኔ ክታቧን የሰፋችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ።

አሁን ይህን ስጽፍልህ ሁለቱም እዚሁ ናቸው። ናስር ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከእንግዲህ ይነዳ እንደሆነ አልነገረንም፤ ዛሬ እኛም አልጠየቅነውም። ዋርሳሜ ማሰሪያውን ከመኪናዋ ፈትቶ አምጥቶልኛል። ላየው ምንም አልሆነም፣ አዲስ ነው የሚመስለው። ግን አንዴ ሰው ካዳነ በኋላ ተለጥጧል፤ ዳግመኛ ማንም እንዳይታጠቀው መቆረጥ አለበት። ይህን ስነግራቸው እንደ ያኔው ጭቅጭቅ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ናስር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ተነሳች፣ ያቺ ማንም የማይቀመጥባት ወንበርህ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ የማሰሪያውን አንድ ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ወጠረችልኝ።

አባዬ፣ አልረሳህም። ከዚህ ሱቅ የሚወጣውን ወንበር ሁሉ መጀመሪያ ተቀምጬበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በመዳፌ ዳብሼ ነው የምሰጠው። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ደግሞ አጠገቤ ነህ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

እዚህ ላይ ላቁም። እማዬ ማሰሪያውን እንደወጠረች ናት፣ እጇ ሳይዝላት መቀስህን ላንሳ።

ልጅህ ሰሚራ