ቩንግ ታው የሄድን ዕለት

ኦክላንድ፣ ኅዳር 10 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የኅዳር ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ጨጓራሽስ ተወት አደረገሽ? የእኔን ከጠየቅሽ፣ አምላክ ይመስገን፣ በጤናዬ ነኝ። ወገቤን ይይዘኛል፤ እሱም ዕቃ ከመሸከም ነው። ሌላ ጊዜ «ሁላችንም ደኅና ነን» ብዬ እንደምጀምር ታውቂያለሽ። ዛሬ የጻፍሁት ስለ ራሴ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ያመጣችልሽ መይሙና ትባላለች፤ እዚህ ጎረቤቴ ናት። እናቷን ልትጠይቅ ወደ ደሴ ታልፋለች። በፖስታ ያልላክሁት እንዳይዘገይና ሌላ ሰው ከፍቶ እንዳያነበው ብዬ ነው። ስልክም አልደወልሁም። ስልኩ ያለው ጎረቤት ቤት ነው፤ አንቺ ከመስማትሽ በፊት ግቢው ሁሉ ፊትሽን ያያል።

ወደ ሌላው ሳልሄድ ሁለት ነገር ልዘዝሽ። የቀበሌውን ቤት ቁልፍ እንዳትመልሺ። ከመሥሪያ ቤትሽም መልቀቂያ እንዳታስገቢ፤ አስገብተሽ ከሆነ ነገ ጧት ሄደሽ «ሐሳቤን ለውጫለሁ» በዪና አስመልሺው። ለመውጫ ቪዛው ሰኞ ኅዳር 19 ቤቱን እንደምታስረክቢ ነግረሽኝ ነበር። የቀበሌ ቤት አንዴ ከእጅ ከወጣ እንደማይመለስ አንቺም እኔም እናውቃለን። ሊቀ መንበሩ ለማን ሊሰጠው እንደቋመጠ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ምክንያቱን እጽፍልሻለሁ። ትንሽ ታገሺኝ፤ አስቀድሜ ስለ አንዲት ከተማ ልንገርሽ። ባለቤትሽ ተክለጻድቅ ራሱ ሊነግርሽ ያቆየው ወሬ ነው። «ስትመጣ አጠገቤ አስቀምጬ ነው የማወራላት» ይል ነበር። ማታ ማታ የዕለቱን ነገር የመጻፍ ልማዴን ታውቂያለሽ፤ ንግግሩን ከዚያ ላይ እየገለበጥሁልሽ ነው።

ቅዳሜና እሑድ በሳን ሆዜው የሜዳ ገበያ መነጽርና ዣንጥላ እሸጣለሁ። ደመና ሲሆን ዣንጥላውን ፊት ለፊት እደረድራለሁ፣ ፀሐይ ሲወጣ መነጽሩን። ተክለጻድቅ ከአዳር ሥራው ወጥቶ፣ ሳይተኛ፣ ድንኳኔን ይተክልልኝ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ድንኳን የሚስተር ታም ነው። ቬትናማዊ ነው፤ ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። አገሩ ሳለ ቩንግ ታው በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ለሽርሽር የመጣውን ሰው አሸዋ ላይ እያቆመ ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር። እዚህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ለምን ብቻውን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ በጀልባ የመጣ ሰው ይህን አይጠየቅም።

የሁለቱም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ስለሆነ ከእኔ ይልቅ እርስ በርስ ይግባቡ ነበር። ተክለጻድቅ ድንኳኑን ተክሎ እንደጨረሰ ሣጥን ላይ ቁጭ ይልና «ሚስተር ታም፣ ሚስቴን ይዤ ቩንግ ታው የሄድን ዕለት መጀመሪያ ምን እናያለን?» ይለዋል። ሰውዬው እንደ አስጎብኚ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይመልስለታል።

ከተማዋ ሁለት ባሕር ዳር አላት፤ አንዱን የፊት፣ ሌላውን የኋላ ይሉታል። ጧት ወደ ኋላው ይኬዳል፤ ፀሐይ የምትወጣው በዚያ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በረጅም ገመድ ከውኃው ይጎትታሉ፤ እንግዳ ሰው ገመዱን ይዞ ቢያግዛቸው ዓሣ ይደርሰዋል። ትንንሾቹ ጀልባዎች ክብ ናቸው፣ ከቀርከሃ የተሠሩ። ተክለጻድቅ ይህን ሲሰማ «እኔና ሚስቴ መሶብ ውስጥ ቁጭ ብለን ልንቀዝፍ ነዋ!» አለ። ሚስተር ታም መሶብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «የስ፣ የስ፣ መሶብ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀልባው ሁሉ መሶብ ሆኖ ቀረ።

ለቁርስ ጎድጎድ ጎድጎድ ባለ ብረት ላይ የሚጠበስ የሩዝ ቂጣ አለ፤ መሐሉ ላይ ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ነፍሳት ያስቀምጡበታል። በቅጠል ጠቅልለው በእጃቸው ይጎርሱታል። «እህቴ ያንን ስታይ ጮኻ ትሮጣለች» ስለው «እትዬ፣ እስክትቀምሰው ነው፤ በእጅ የሚጎረስ ነገር ከየት ይጠላል!» አለኝ። ከቁርስ በኋላ ትንሹ ተራራ ላይ በእግር ይወጣል። እዚያ ለመርከቦች የሚበራ ነጭ ግንብ አለ፤ ከሥሩ ቆመው ከተማውንም ባሕሩንም አንድ ላይ ያዩታል። በዚያው ተራራ በሌላው ጫፍ እጁን የዘረጋ ትልቅ የክርስቶስ ሐውልት ተጀምሮ ነበር፤ ሚስተር ታም ሲሰደድ ገና አላለቀም። ማታ ወደ ፊተኛው ዳር ተመልሶ፣ የሸራ ወንበር ተከራይቶ፣ ኮኮነት እየጠጡ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ነው። ፎቶግራፉም የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። «ማታ ሁሉም ሰው ያምራል» አለ ሚስተር ታም። «እሷ ጧትም ታምራለች» አለው ባለቤትሽ። እኔ ደንበኛ የመጣልኝ መስዬ ፊቴን አዞርሁ።

አንድ ቀን ቀለድሁበት። «ሚስትህን ገና ኦክላንድ ሳታመጣ ቬትናም ልታንሸራሽራት ነው?» አልሁት። «እትዬ፣ ይስሙኝማ» አለኝ። «ለጫጉላችን ምጽዋ እወስድሻለሁ ብዬ ነበር። የስድሳ ስድስቱ ግርግር መጣና ቀረ። ከዚያ እስር ቤት ገባሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ሱዳን፣ ከሱዳን እዚህ። ምጽዋ ዛሬ መድፍ ነው። እንግዲህ የሰው ባሕር ተውሼ ቃሌን ብፈጽም ምን አለበት?» የሚስተር ታም ባሕርም ለራሱ ለሚስተር ታም እንኳ ዝግ መሆኑን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ፣ ገበያው ሲዘጋ፣ በሚስተር ታም አሮጌ መኪና ከሳን ፍራንሲስኮ ወዲያ ወዳለው ውቅያኖስ እየሄዱ ቋጥኝ ላይ ቆመው ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ይዘው ሲመጡ እንጂ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ አያወሩም።

ከከተማዋ ነገር ሁሉ እሱን የደነቀው ግን የዓሣ ነባሪው ቤተ መቅደስ ነው። የዓሣ ነባሪ አጥንት በክብር ተቀምጦ ዕጣን ይታጠናል። ዓሣ አጥማጆቹ በስሙ አይጠሩትም፤ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ባለ ማዕረግ ነው የሚጠሩት። ማዕበል ሲነሣ ጀልባ በጀርባው ደግፎ ሰው ያድናል ይላሉ። ሞቶ ዳር የወጣ እንደሆነ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያየው ሰው የበኩር ልጁ ይሆናል። ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ፣ እንደ ወላጁ ሐዘን ተቀምጦ፣ እሱ ያስቀብረዋል። ተክለጻድቅ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «አይቶ ዝም ብሎ ቢያልፍስ?» ብሎ ጠየቀው። ሚስተር ታም አልሳቀም፤ «ያየ ሰው አላየሁም ማለት አይችልም» አለው።

አሁን ወደ ምክንያቱ መጣሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኅዳር 5 ሰኞ ነበር፤ እንደ ልማዳቸው ሁለቱ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄዱ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ይመስል ነበር አለኝ ሚስተር ታም። እሱ መንጠቆው ላይ ምግብ ሊሰካ ጎንበስ አለ። ተክለጻድቅ ከቆመበት፣ ከኋላው፣ ድምፅ ሰማ። ቀና ሲል ቋጥኙ ረጥቧል፤ ሌላ ነገር አልነበረበትም። እስኪመሽ በሄሊኮፕተር ፈለጉ። ሚስተር ታም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ማክሰኞ ጧት አሸዋው ላይ ከፖሊሶቹም ከጠባቂዎቹም ቀድሞ ያየው እሱ ነው።

የመርዶውን ቃል አልጽፈውም። እሱን የሚነግሩሽ እሑድ የሚመጡት ሰዎች ናቸው። እኔ የምጽፍልሽ የሆነውን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ቤቴ ሰው ሞላ። ከኮንኮርድም ከሪችመንድም መጡ። ሚስተር ታም ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ገባ፤ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ የቤተ ዘመድ ቦታ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ወይዘሮ የወርቅውሃ አዘነችለትና «ምስኪን፣ ራሱን አሞታል፤ አስፕሪን ስጡት» አለች። ውኃና ክኒን አቀረበችለት። በሁለት እጁ ተቀበላት፣ እጅ ነሳ፣ ዋጠው። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ መንገሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይኼ ሰውዬ የማን ወገን ነው? ምነው ፊት ተቀመጠ?» አሉኝ። «ልጁ ነው» አልኋቸው። «ልጅ የለውም እኮ!» አሉ። «አሁን አለው» አልሁና የዓሣ ነባሪውን ነገር ነገርኋቸው። ከዚያ ተነሥተው የራሳቸውን ትራስ ወስደው ከጀርባው አደረጉለት። አንቺ «ለእኛ ማን ይቀመጥልናል?» እያልሽ ስታዝኚ ስለነበር ይህን ነገር እንድታውቂው ፈለግሁ። ሦስቱን ቀን ከቦታው አልተነሣም።

ዓርብ ዕለት ቄሱም ነበሩ፤ ሁሉ እንደ ሥርዓቱ ሆኗል። ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለ ነው፣ ውኃ አይታይበትም። የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ከጋሽ መንገሻ ጋር የተጣላነው በአንቺ ነገር ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያስቡልሽ መስሏቸው ነው። «አሁን አይነገራትም» አሉ። «የመምጫ ኬዟ አልቋል፣ ትምጣ። ኤርፖርት ወጥተን እንቀበላታለን፣ እናበላታለን፣ ታርፋለች፣ በማግሥቱ እንነግራታለን። እዚያ ብቻዋን ከምትሰማው እዚህ በሰው መሐል ትስማው» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ «ወረቀቷ የቆመው በማን ስም ነው?» አልሁ። «በእሱ» አሉ። «እንግዲያው ወረቀቱም ከእሱ ጋር ነው» አልሁ። «ኤምባሲው በምን ያውቃል?» አሉኝ። «ሳያውቅ ከቀረ ውሸት ይዛ ትገባለች፤ ካወቀ በር ላይ ይመልሳታል። ያን ጊዜ ቤቷን ያስረከበች፣ ሥራዋን የለቀቀች ሴት የት ትግባ?» አልሁ። «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ገበያ ታደርጊዋለሽ!» አሉ። «ገበያ የሚያውቅ ሰው እህቱን ሜዳ ላይ አይጥልም» አልኋቸው። የወርቅውሃ ብቻ «እውነቷን ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

በወሬ እንዳልከራከር ጠበቃ ዘንድም ሄጄ ጠይቄያለሁ። ያው እንዳልሁት ነው አለኝ። ዜግነቴን ሳገኝ በእህትነት ላመለክትልሽ እችላለሁ፤ ግን ዓመታት ይፈጃል። ዓመታት የሚጠበቀው ቤትና ደመወዝ ይዞ ነው። ያዘዝሁሽ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በእናታችን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ አውቆ፣ አንቺ ብቻ ሳታውቂ የጎረቤት ሠርግ ላይ እስክስታ ስትወርጂ ዋልሽ። ያዩሽ ሰዎች እያጨበጨቡልሽ ያለቅሱ ነበር፤ አንቺ የደስታ መስሎሽ። ከአርባዋ በኋላ እጄን ይዘሽ «ሁለተኛ ሰው ሁሉ አውቆልኝ እኔ ስስቅ እንዳልገኝ» አልሽኝ። ስለዚህ በዚህኛው ከሁሉም ቀድመሽ ዕወቂ።

ለአጎታችን በመይሙና በኩል መልእክት ልኬያለሁ። እሑድ ኅዳር 18 ጎሕ ሲቀድ ከንስሐ አባትሽና ከጎረቤቶችሽ ጋር ይመጣል። ይህ ደብዳቤ በእጅሽ እንዳለ አያውቁም፤ አትንገሪያቸው። ሥርዓታቸውን ያድርሱ፤ አንቺም እንደ ሰው ጩኺ። ያን ጊዜ የሚይዝሽ ክንድ ያስፈልግሻል፤ የእኔ እዚህ ነው።

ለፓስፖርቱ ፎቶግራፍ ቅዳሜ ጸጉርሽን ልትሠሪ ነበር። ተዪው፣ አትሠሪው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማዝሽ እራትሽን ነው። ቅዳሜ ማታ ብዪ። ጾም ነው ብለሽ በዳቦና በሻይ አትለፊው፤ ሽሮም ቢሆን ሠርተሽ ጠግበሽ ብዪ። እሑድ የሚያቀርብልሽ ሰው ብዙ ነው፤ አንቺ ግን አትቀምሺም።

ወላዲተ አምላክ በጉያዋ ታኑርሽ። ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ከእኔ የተረፈ ዕድሜ ካለ ለአንቺ ትጨምርልሽ። የእናንተ እሑድ ንጋት እዚህ እኛ ዘንድ ገና ቅዳሜ ማታ ነው። አልተኛም።

የእናትሽ ልጅ፣
ታላቅ እህትሽ