በኤሊስ ጫማ ላይ የነጠበው ቀለም

ሎሬታ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ የአላስካው በረዶ ጋብ ብሎልሽ፣ ጉልበትሽም እሺ ብሎ ደረጃውን እያስወጣሽ እንዲሆን እመኛለሁ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በማር እያባበልሽው ነው? ዴልስ እንዴት ከርሟል? ጀልባው ተጠግኖ ወደ ባሕር ተመለሰ ወይስ ቤት ተቀምጦ በየድስትሽ ላይ ጨው እየነሰነሰ ያበሳጭሻል? አማትሽስ ወይዘሮ አይዳ ዓይናቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ አካሌ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ድመቴም እንደወትሮዋ ትንቀኛለች።

እሑድ እሑድ ስትደውዪ ድምፄ ተዘግቷል፣ ጉንፋን ይዞኛል እያልኩ ቶሎ ቶሎ የዘጋሁብሽ ጉንፋን ይዞኝ አይደለም። አፍሬ ነው። በስልክ ብነግርሽ ደግሞ ቀልድ እየቀላቀልኩ አስቄሽ እንደማመልጥ ታውቂኛለሽ። ለነገሩ ጻፊ ብሎ ያዘዘኝም ሰው አለ፤ እሱን እደርስበታለሁ። አሁን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። የምነግርሽ ስለ ልጅሽ ስለ ኤሊስ ነው። አትደንግጪ፤ እሱም ሚስቱ ሬኔም ደህና ናቸው።

የወፍጮው ዋሻ ለእድሳት መዘጋቱን ነግሬሻለሁ። በልጅነታችን መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ በጀልባ የምንገባበት፣ ባለወፍጮው የሚባለው በሞተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ከነሌሊት ቆቡ ከአልጋው ብድግ ሲል አንቺ እኔን እኔ አንቺን የምንቧጭርበት ዋሻ ማለቴ ነው። ፓርኩ ዙሪያውን በሸራ ጋረደና «በጸደይ እንገናኝ» ብሎ ጽፎበት ዝም አለ። ዝም ሲሉን ደግሞ እኛ የወፍጮው ወዳጆች ማኅበር አባላት የምንሆነውን ሰው አይሁን። ክሬን ሲቆም ጣሪያውን ሊያነሱት ነው እንላለን፤ ክሬኑ ሲሄድ ገንዘብ አለቀባቸው እንላለን። ቨርጂል፣ ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ በየጠዋቱ የርቀት መነጽሩንና የሾርባ ፔርሙዙን ይዞ የመኪና ማቆሚያው ሕንፃ አናት ላይ ይወጣና ከሸራው በላይ የምትታየውን እያንዳንዷን ሳንቃ ይዘግባል። ሌላዋ አባላችን ዶሪን ደግሞ የባለወፍጮው ሚስት በሊጥ መዳመጫ ባሏን ማባረሯ በዚህ ዘመን ነውር ነው ተብሎ ልትነሳ ነው ብላ በጉትቻዋ ምላለች። ጉትቻዋ ራሱ የባለወፍጮው ሚስት ምስል ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን ዓሣው ነበር። ጎረቤቱን የመናፍስት ቤት መጫወቻ ባለፈው ጊዜ የሚዘፍኑ ዓሦች ያሉበት የባሕር ወለል አድርገውት የለ? ወፍጮውንም እንደዚያው ሊያደርጉት ነው የሚል ወሬ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወሬውን የማያውቅ ሰውም የለም።

እኔ እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ምን ነበርኩ መሰለሽ? ተሰሚ ሰው ነበርኩ። ኤሊስ የፓርኩ ጥገና ክፍል ገብቶ የባለወፍጮውን ክንድ የሚጠግነው እሱ ከሆነ ወዲህ እኔ በማኅበሩ ገጽ ላይ «ከውስጥ ሰው እንደሰማሁት» እያልኩ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ሎሬታ፣ ምንም የሰማሁት ነገር አልነበረም። ልጅሽ ሥራ ሲገባ ምስጢር ላይናገር ፈርሟል፤ ፊርማውን ደግሞ ያከብራል። እሑድ ምሳ ላይ ስለ ወፍጮው ሳነሳበት «አክስቴ፣ ድንቹን አቀብዪኝ» ነው መልሱ። ዞር ዞር ብዬ ብጠይቀውም ያው ድንች ነው። እኔ ግን ከድንቹ ላይ ወሬ እየላጥኩ እጽፍ ነበር። ሰዉም ያምነኝ ነበር። ማመኑ ደስ ይል ነበር፤ ይህንን ካልነገርኩሽ ሌላው ሁሉ አይገባሽም።

ጃንዋሪ ውስጥ አንድ እሑድ እንደተለመደው ሁለቱም ለምሳ መጡ። በነጩ ምንጣፌ ምክንያት እኔ ቤት ጫማ በር ላይ እንደሚቀር ታውቂያለሽ። ኤሊስ ያን ትልቁን የሥራ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ዴል የላከለትን ሰማያዊ የመረብ ገመድ እንደ ክር ያሰረበትን። ከጓዳ ስመለስ ጫማው ጫፍ ላይ ጠብ ያለ ቀለም አየሁ። የባሕር አረንጓዴ ነው፤ ያ ፈዘዝ ያለው፣ ደስ የሚለው። ቆም አልኩ። በወፍጮው ውስጥ አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለም። ቡናማ አለ፣ ግራጫ አለ፣ የሌሊቱ ጥቁር ሰማያዊ አለ። አረንጓዴ ከመጣ ባሕር መጣ፤ ባሕር ከመጣ ዓሣ መጣ።  እነሱ ኬካቸውን ሲበሉ እኔ የበሩ ደፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ፎቶ አነሳሁ፤ ሬኔ ምን እየፈለግሽ ነው ስትለኝ ድመቷን አልኳት።

እነሱ ከመውጣታቸው ፎቶውን በገጹ ላይ ለጠፍኩት። «የውስጥ ሰዌ አፉን አይከፍትም፤ ጫማው ግን ተናገረ» ብዬ ጻፍኩበት። በአባባሌ ደግሞ ኩራት ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስቆም አልቻልኩም። ቨርጂል ቀለሙን ከፋብሪካ ናሙናዎች ጋር አስተያይቶ ስሙን አወጣው፤ ዓሦቹ ቤት ያለው ቀለም ነው ብሎ ፈረደ። ዶሪን ፎቶውን አጉልታ የመረብ ገመዱን አየች። ፓርኩ ለገና ባወጣው የሠራተኞች ፎቶ ላይ ያንኑ ገመድ ያሰረ እግር ፈልጋ አገኘችና በቀይ አከበበችው። በክፋት አይደለም ሎሬታ፤ ከደስታዋ ብዛት ነው። እኛ እንደዚህ ነን፣ የሸራ ቀዳዳ ብናገኝ እግዜር ያሳየን ይመስለናል። እኔ ደንግጬ ሳነሳው ፎቶው በየሰዉ ገጽ ተራብቶ ነበር። በማግስቱ በፓርኩ በር ላይ «ዓሣ አንፈልግም» የሚል ጽሑፍ የያዙ ሰዎች ተሰለፉ፤ አንዱ ጭራሽ የሌሊት ልብስና ቆብ አጥልቆ በረዶው ላይ ቆሞ ነበር። የዚያኑ ቀን ኤሊስን ቢሮ ጠሩትና ጉዳዩ እስኪጣራ ቤትህ ሂድ አሉት።

ማታውን መጣ። በሩን ስከፍት ጫማውን አላወለቀም። ግባ አልኩት፤ አልገባም። እኔ አንድ ሺህ ነገር ደረደርኩ፣ ለማኅበሩ ብዬ ነው፣ ለወፍጮው ብዬ ነው፣ አንተን ያውቁብሃል ብዬ አላሰብኩም አልኩት። ሰምቶኝ ሰምቶኝ ሲያበቃ፦

«አክስቴ፣ ያ ቀለም የወፍጮው አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ የምንድን ነው?» አልኩት። እዪኝ እንግዲህ፤ ያኔ እንኳ መጠየቄን አልተውኩም።

መኪናው ውስጥ ወደተቀመጠችው ወደ ሬኔ ዞር ብሎ አየ። እሷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችለት።

«የሕፃን ክፍል እየቀባን ነው» አለኝ።

ሎሬታ፣ አያት ልትሆኚ ነው። ኦገስት ላይ ነው። ሐኪሟ እስካሁን ሁሉም መልካም ነው ብላታለች። ይህንን እዚህ ጋ፣ በእኔ ጉድ መካከል ማንበብሽ ሆዴን ይቆርጠዋል፤ እባክሽ አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ትንሽ ደስ ይበልሽ። ከዚያ ተመለሺ።

ባለፈው የሆነባቸውን አንቺም አልረሳሽውም። ቀድመው ለሁሉም ተናግረው፣ ከዚያ ላገኙት ሰው ሁሉ ፅንሱ ወርዷል እያሉ መናገር እንደነበረባቸው። ሱቅ ውስጥ ሳይቀር። ሬኔ ያኔ ከቤት መውጣት አቁማ ነበር። ለዚህ ነው የአሁኑን ለማንም ትንፍሽ ያላሉት። ለፋሲካ እናንተ ጋ መጥተው በአካል ሊነግሩሽ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመሽ አንቺ እንድትሰሚ ነበር ሐሳባቸው። የአውሮፕላን ቲኬቱን ሳይቀር ቆርጠውት ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ላስተካክል ብዬ ሐሙስ ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ሄድኩ፤ ከቦውሊንግ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የምንሰበሰበው። ተነሥቼ ቆምኩና ከውስጥ ሰው እንደሌለኝ፣ ኖሮኝም እንደማያውቅ፣ ኤሊስ አንዲት ቃል እንዳልነገረኝ፣ እስከዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ የፈጠርኩት መሆኑን ተናገርኩ።   ከዚያ ቨርጂል ብድግ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ገብቶናል ዋንዳ» አለኝ። «በይ ያሉሽን ብለሻል። አንጠይቅሽም።»

ፓርኩ አስገድዷታል ማለቱ ነው። አይደለም ብል ይብሱን አመኑ። ዶሪን እንባ አቅርራ ልጁን ልታድነው ነው እኮ ትላለች፤ ከኋላ አንዱ ደግሞ፣ እንዲያ ካልሽ ቀለሙ የምን እንደሆነ ንገሪና እንመንሽ አለኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ያልቅ ነበር። ዋጥኩት። ዝም ስል ተያዩና፣ ያው ዓሣ ነው ብለው ደመደሙ። እኔ ኮቴን ይዤ ስወጣ የሚቀጥለውን ሰልፍ ቀን እየቆረጡ ነበር።

ስለዚህ እኔ ያበላሸሁትን ልጆቹ ራሳቸው ሊያጸዱት ሄዱ። ኤሊስና ሬኔ የቀለሙን ቆርቆሮና የክፍሉን ፎቶ ይዘው ኃላፊዋ ወይዘሮ ሃርግሮቭ ፊት ተቀመጡ። ፎቶው ላይ ግማሽ የተቀባ ግድግዳና ገና ያልተገጣጠመ የሕፃን አልጋ ይታያል። ሴትዮዋ ደግ ናቸው፤ ይቅርታ ጠይቀው ሥራውን መልሰውለታል። ነገር ግን ወሬው እስኪበርድ ከወፍጮው አርቀው የውሃ መንሸራተቻዎቹ ፓምፕ ላይ መድበውታል። ያንን ክንድ ሌላ ሰው እየጠገነው ነው። ከቢሮው ሲወጡ በኮሪደሩ ያገኛቸው የማያውቁት ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አላቸው። ሬኔ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ለኤሊስ፣ ለእናትህ ዛሬውኑ ደውልላት፣ ከሌላ ሰው ሳትሰማ አልኩት። ያኔ ነው እንዲህ ያለኝ፦

«ስልኩን አነሳለሁ፣ ከዚያ በአንቺ መናደዴ ድምፄ ላይ ይመጣል። እማዬ የልጅ ልጇን ዜና በተናደደ ድምፅ እንድትሰማው አልፈልግም። አንቺ ጻፊላት። ከነምክንያቱ ጻፊላት። ወሬ ማድረስ ትወጂ የለ?»

ስድብ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ።

ከማኅበሩ ገጽ ወጥቻለሁ። ወፍጮው ኤፕሪል ላይ ሲከፈት ዓሣ ይኑርበት ባለወፍጮው ይኑርበት አላውቅም፤ ልጠይቅም ፊት የለኝም። ኤሊስ እሑድ እሑድ መምጣቱን ትቷል። አንቺ ስትደውዪለት ደስታሽን ብቻ ንገሪው። ስለ እኔ አትማልጂልኝ። ምን ያህል እንደተቆጣሽኝ ደግሞ ለእኔ ለብቻዬ ጻፊልኝ፤ ሳታለሳልሺ።

ለዴል ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አያት ሲሆን ጢሙን ይላጭ በዪው። የወይዘሮ አይዳን ጉንጭ ስመሽልኝ ዜናውን ጆሯቸው ጋ ጠጋ ብለሽ ንገሪያቸው፤ እሳቸው ከማንም ይልቅ ጸልየውበታል። ውሻችሁን ባስተርን ሆዱን እከኪልኝ። ጎረቤትሽ ያቺ ዓሣ የምታጨሰው ሴትዮ ስሟ ጠፋብኝ፣ ለእሷም ሰላም በዪልኝ፤ ግን ይህንን ደብዳቤ አታስነብቢያት።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ሬኔ ደወለች። ድምፅዋ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ከሐኪም ቤት እየተመለሱ ነው፣ ወንድ ይሁን ሴት ተነግሯቸዋል። ልትነግረኝ ጀመረች። እግዜር ያውቃል፣ እጄ ስልኩን እንዴት እንደያዘው። ቆይ ሬኔ፣ መጀመሪያ ለሎሬታ አልኳትና ዘጋሁት። ስለዚህ ይህንን አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ትሰሚዋለሽ። ስትሰሚው ግን እኔን አትንገሪኝ። ኤሊስ ራሱ የሚነግረኝ ቀን ይምጣ።

ያፈረችው እህትሽ
ዋንዳ

ክሌርተን፣ ኦሃዮ
ማርች 3 ቀን 2019