የመሣሪያው ጽፋት

ቡሬ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ውድ መሪጌታ ገብረሰንበት፣

እንደምን ሰነበቱ? ፈረስ ቤት ከወንድምዎ ዘንድ መግባትዎን የሰማሁት ከዚያ ከመጡ ነጋዴዎች ነው። ሰላምታ ለመላክ ፊት የለኝም፤ ቢሆንም ሳልጽፍልዎ መቆየት አቃተኝ።

ባለፈው ጥቅምት ከማዕድን ፈላጊዎቹ ጋር መጥቼ ድንኳናችንን ከጠበሉ አጠገብ ስንተክል፣ አምስት ዓመት አቋቋም ያስተማሩኝ እርስዎ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ሳሙኝ። ትምህርቱን ጥዬ በመጥፋቴ አንዲት ቃል አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ጨረር መለኪያውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ወደ ጠበሉ ሳስጠጋው ሳያቋርጥ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር። ኃላፊዬ አቶ ዳኘው ቁጥሩን አይተው ማዕድኑ ተገኘ ብለው ፊታቸው በራ። እርስዎ ምን እንደሚሰማ ጠየቁኝና ማዳመጫውን ከጥምጥምዎ ሥር ከጆሮዎ አደረግሁልዎ። ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ መቋሚያዎን መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ እንዳለው፣ ይህ ጽፋት ነው እኮ» አሉኝ። «ምቱ አይዛነፍም። የሚመታውን ፈልገው።»

ጽፋት ፈጣኑ የከበሮ ምት መሆኑን ለአቶ ዳኘው ሳስረዳቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያም ውኃው ውስጥ ዓይን የማያየው፣ ሰውነት የሚጎዳ ነገር አለ ብዬ ለሕዝቡ የተናገርሁት እኔው ነኝ። ጠበልተኛው ቀረ። ተማሪዎችዎ ጠበልተኛው ከሚያመጣው ስንቅ ይቃመሱ ነበርና ተበተኑ። እርስዎም አኩፋዳዎን አንጠልጥለው ወጡ።

ባለፈው ሳምንት ቁጥሩን እንዳረጋግጥ ብቻዬን ተላክሁ። ባትሪ የምንሞላበት የቤንዚን ሞተር እንደ ጥቅምቱ ከድንኳኑ ጀርባ ይሠራል፤ መሣሪያውም ይጮሃል። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ቀጥ ሲል መሣሪያውም ረጭ አለ። አስነሳሁት፤ ጮኸ። አጠፋሁት፤ እንደ ማንኛውም መሬት አልፎ አልፎ ጠቅ ማለት ብቻ። ጨረር ምት አያውቅም፣ እንደመጣለት ነው። ጥፋቱ የሞተሩ ካንዴላ ነበር፤ እሳት በረጨ ቁጥር ልባሱ በተቀደደው የመሣሪያው ሽቦ ኤሌክትሪኩ እየገባ ያስቆጥር ኖሯል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገርሁ። ልጃቸው በጠበሉ የዳነላቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ ትክ ብለው አዩኝ።

«ያን ጊዜ መሣሪያው ተናገረ አልኸን፤ አመንን። ዛሬ ደግሞ ዋሸ ትለናለህ። ልጄ፣ ከሁለታችሁ ማንን እንመን?»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሰው እያየኝ ከጠበሉ እጠጣለሁ። ማንም አይከተለኝም፤ ሰላምታዬን የሚመልስ እንኳ ጥቂት ነው። ባደግሁበት አገር እንዲህ ባይተዋር እሆናለሁ ብዬ አላሰብሁም።

እርስዎ ቢጠጡ ግን ሕዝቡም ይጠጣል። ከፈቀዱልኝ በቅሎ ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ነገር ግን እሺ ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብዎ። ለሕዝቡ ተሳስቼ ነው ብያለሁ፤ እውነት አይደለም። ያን ዕለት ማዳመጫውን ለእርስዎ ከመስጠቴ በፊት ምቱን ሰምቼው ነበር። እግሬ ሊያሸበሽብ ዳድቶት ነበር። ከአቶ ዳኘው ፊት የቆሎ ተማሪ መባልን ፈርቼ ዝም አልሁ።

የሰሙትን ሰምቶ የካደዎ ተማሪዎ፣
እንዳለው